ስድስተኛዋ ቦታ

«መቼ ነው የሚሄደው?»

«ሲሞላ ነዋ፣ ላላ።»

«ካልሞላስ?»

«ካልሞላማ እስኪሞላ።»

ይህን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በፊት፣ በአዝሩ የታክሲ ተራ፣ ግንባሬን መስኮቱ ላይ አስደግፌ በእንቅልፍና በንቃት መሀል ሆኜ ነው። ዝናብ ነበር መሰለኝ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ የሱፍ ጀለባ እንደ እርጥብ በግ ይሸት ነበር። አምስት ነበርን። የእኛ አገር የረጅም መንገድ ታክሲ ደግሞ ስድስት ሰው ካልያዘ አይነቃነቅም። አንዲት ሴትዮ ተራ አስከባሪውን ትነዘንዛለች፣ እሱም «ላላ» እያለ፣ እመቤቴ እንደ ማለት ነው፣ ይስቃል። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን በደንብ አልያዝኩትም። ብቻ አንድ ድምፅ፣ የሴትዮዋ ይሁን ከኋላ የነበረው ሽማግሌ እንጃ፣ «በቃ! ባዶዋ ቦታ ላይ እኛ እንቀመጥባታለን» አለ። የስድስተኛውን ሂሳብ ለአምስት ተካፍለን፣ እግራችንን ዘርግተን ሄድን።

ያቺ ንግግር አልጠፋችኝም። አንዳንዴ ከስግደት ስነሳ፣ ሳልጠራት ትመጣለች። ለምን እንደምትመጣ የገባኝ ግን ባለፈው ክረምት ነው።

ሥራዬ መኪና መጫን ነው። ቅኒጥራ ዳርቻ ላይ አንድ አዲስ ፋብሪካ ፈራሻ የምትባል ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ይሠራል። ፈራሻ ማለት ቢራቢሮ ነው፤ እውነትም ቢራቢሮ ታክላለች። እኔ ከእነዚህ ስድስቱን በአንድ ጊዜ በምትጭን ረጅም መኪና ላይ ሾፌር ነኝ። አለቃዬ ቱሪያ ናት፤ መኪኖቹን ለገዢ የማድረስ ኃላፊነት የእሷ ነው።

ቱሪያ አንድ ሐሳብ ነበራት፤ ሐሳቧም እንቅልፍ አሳጥቷት ነበር። «ሲ አላል፣» ትለኛለች መንገድ ላይ፣ «አቶ» እንደ ማለት፣ «ይቺ መኪና ማደያ አትሄድም። የምትበላው ሰው ቤት፣ ከሰው ግድግዳ ነው። እንግዲያው የምንሸጣትም እዚያው፣ የምናስረክባትም እዚያው መሆን አለበት። በየከተማው የታክሲ ተራ አለ፤ በየተራው አገሬውን በሙሉ በስሙ የሚያውቅ ተራ አስከባሪ አለ። እሱ ይጥራልን። ከአንድ ከተማ ስድስት ገዢ ሲሞላ እንጭንና እንሄዳለን። ልክ እንደ ታክሲው።»

የፋብሪካው አለቆች በግማሽ ልብ ሰሟት። በሌላው ግማሽ ልባቸው ሐጅ በንዩነስን ይሰሙ ነበር። ሐጅ በንዩነስ መክናስ ውስጥ የመኪና አከፋፋይ ነው፤ በትልልቆቹ ከተሞች ሁሉ የመስታወት ቤት አለው። ደግ ሰው ነው፣ ሳቁ ከሩቅ ይሰማል። «ሰው መኪና የሚገዛው በመስታወት ውስጥ አይቶ፣ ቀንቶ፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ነው» ይላል። «ስርጭቱን ለእኔ ስጡኝና እረፉ። ተራራ ላይ ያሉት ከፈለጉ መክናስ ይምጡ።»

አለቆቹ በመጨረሻ ለቱሪያ አንድ ዕድል ሰጧት። ሚደልት ትሞክር፤ ከተራራው ማዶ ያለች የፖም ከተማ። ስድስቱ መኪኖች እስከ ዓርብ በባለቤቶቻቸው እጅ ከገቡ ማድረሱ በእሷ እንዲቀጥል። ካልገቡ ለሐጁ። አንድ ነገር ደግሞ አጠበቁባት፤ ከስድስቱ አንዷ ቦታ ባዶ ሆና ጫኟ መኪና ከግቢ አትወጣም። ሐጁንም ታዛቢ አድርገው ላኩት።

በገበያ ቀን አንዲት ፈራሻ ለማሳያ ይዘን ሚደልት ገባን። የተራው አስከባሪ ሚሙን ነው፤ ጠጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ግን ገና ጎረምሳ። ወሬውን ቀድሞ አዳርሶት ስለነበር አደባባዩ ሞልቶ ጠበቀን። ስድስት ሰዎች ቃል ሰጥተዋል። ዳቦ ጋጋሪው አለ፣ የትምህርት ቤቱ መምህር አለ፣ ሁለት ወንድማማች ገበሬዎች ለየራሳቸው አንዳንድ፣ ላላ ቱዳ የምትባል ማር ሻጭ ባልቴት፣ ስድስተኛው የፖም ነጋዴው ባሱ።

ባሱ ግን ብቻውን አልመጣም። ሚደልት ውስጥ መኪና በዓይን አይገዛም፤ በጆሮ ነው የሚገዛው። ገዢ የሚያምነውን መካኒክ ይዞ ይመጣል፣ መካኒኩ ሞተሩን ያዳምጣል፣ ከዚያ ወይ ራሱን ይነቀንቃል ወይ ይተፋል። ባሱም የአክስቱን ልጅ ሞሓን ይዞ መጣ። አገሩ ሁሉ የሚምልበት ጆሮ ነው ያለው።

ሞሓ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ኮፈኑን ከፈተ። «አስነሺያት» አለ።

«ተነስታለች» አለች ቱሪያ።

ቀና ብሎ አያት። «እህቴ፣ እኔ መካኒክ ነኝ። አስነሺያት።»

«ወላሂ ተነስታለች። መብራቱን አታይም?»

«መብራትማ ፍሪጅም አለው።»

አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ። ሞሓ ግን አልሳቀም። ጆሮውን አስጠግቶ ጎንበስ አለ። «ዝም በሉ!» ብሎ ገበያውን ተቆጣ፤ ገበያውም እውነት ዝም አለ፣ ዶሮዎቹ ሲቀሩ። ቆየ፣ ቆየ። ከዚያ ቀና አለና እንደ ሐኪም ፊቱን አጠቆረ።

«ባሱ፣ እኔ ያልሰማሁትን አላጸድቅልህም። ይቺ መኪና ወይ ሞታለች፣ ወይ ገና አልተወለደችም።»

«በቃ ሰማችሁ» አለ ባሱ እጁን አራግፎ። «የአባቴንም መኪና ያዳመጠው እሱ ነው። እሱ ያላሳለፈውን እኔ ቤት አላስገባም።»

ቱሪያ አስረዳችው። መኪናዋን አደባባዩን አዞረቻት። መካኒኩን ራሱን ልታስነዳው ለመነችው፤ «ሬሳ አልነዳም» አላት። ባሱ ሄደ።

ሐጅ በንዩነስ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ የናና ሻዩን ይዞ ነበር። በክፋት አይደለም የሳቀው፤ ሳቁ ግን ሳቅ ነው። «ልጄ፣ አልነገርኩሽም? የእኔ መስታወት ቤት ውስጥ ቢሆን ሙዚቃ እከፍትበት ነበር። ማን ይሰማው ነበር?»

ቱሪያ ጀርባዋን ሰጠችው። ወደ አምስቱ ዞረች። «ይቅርታ አድርጉልኝ። አንድ ሰው ጎደለ። ሳይሞላ አትወጣም ተብያለሁ። ዓርብ ደግሞ ደረሰ። ቃላችሁን መልሱ፤ አልይዛችሁም።»

ዳቦ ጋጋሪው መሬት መሬት አየ። መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። እኔም በልቤ፣ ያ ረቢ፣ ይቺን ልጅ አታሳፍራት አልኩ።

ያን ጊዜ ላላ ቱዳ በዱላዋ የሚሙንን ጫማ መታ መታ አደረገች።

«አንተ ሚሙን!»

«አቤት ላላ።»

«ታክሲ ላይ አንድ ሰው ሲጎድል ምን ታደርገናለህ?»

«እኔ ምን አደርጋለሁ? ወይ ትጠብቃላችሁ፣ ወይ ተካፍላችሁ ትሄዳላችሁ።»

«እንግዲያው አፍህን ምን ዘጋው? ተናገራ!»

ሚሙን ትንሽ ደንግጦ አያት፤ ከዚያ ገባው። ፊቱ ሲበራ አየሁት። አፉ ላይ ሁለት እጁን አድርጎ፣ ለእነዚያ አጠገቡ ለቆሙት አምስት ሰዎች፣ ተራራው ላይ እንዳሉ ሁሉ ጮኸ፤ «ስድስተኛዋን ቦታ የምትካፈሉ!»

«ኧረ በአላህ፣» አለ ሐጅ በንዩነስ ከበረንዳው ተነስቶ፣ «መኪና እኮ ናት! ወንበር አይደለችም! አምስት ሆናችሁ አንድ መኪና ምን ታደርጓታላችሁ? በየተራ ልታቅፏት ነው?»

«ለኢጦ ናታ» አለች ላላ ቱዳ፣ ሰው የሚያውቀውን ነገር እንደምትነግር።

ኢጦ የከተማው አዋላጅ ናት። ሸለቆው ውስጥ ምጥ ሲመጣ በፖም መኪና ላይ ተንጠልጥላ፣ በበቅሎ፣ ካልሆነም በእግሯ ትሄዳለች። እዚያ ከቆመው ሰው ግማሹን ወደዚህ ዓለም የተቀበለችው እሷ ናት። ከወንድማማቾቹ ታናሹ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ሚስቱን ኢጦ በውድቅት ሌሊት በእግሯ ደርሳ እንዳገላገለቻት ያውቃል፤ መጀመሪያ እጁን ያወጣው እሱ ነው። ታላቁ ተከተለ። ዳቦ ጋጋሪው «እኔማ ድሮም አስቤው ነበር» አለ፣ ባያስበውም። መምህሩ መነጽሩን መልሶ አደረገ።

«መንጃ ፈቃድ የላትም እኮ» አለ አንዱ።

ላላ ቱዳ ዱላዋን ወደ ሞሓ አዞረች። «እስክትማር ይሄ ይነዳላታል።»

«እኔ? የሞተ መኪና?»

«አንተን ከእናትህ ሆድ ተገልብጠህ ስትመጣ ያቀናህ ማነው?»

ሞሓ ባሱን ፈለገ፤ ባሱ የለም። ጨርቁን ኪሱ ከተተ። «እስክትማር ብቻ» አለ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በዚያ ዝናብ የሰማሁት ድምፅ የማን እንደነበር ዛሬም አላውቅም፤ የሁሉም ሰው ሊሆን ይችል እንደነበር ግን አወቅሁ።

ሐሙስ ንጋት ላይ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ሰገድኩ፣ ስድስቱን ጫንኩ፣ ሁሉም ቻርጃቸው ሙሉ ነው። ቱሪያ አጠገቤ ተቀመጠች። ሐጁ በራሱ መኪና ከኋላችን መጣ። አዝሩ ስንደርስ በረዶው እንደ ወፍጮ ዱቄት ይወርዳል፤ ኬላው ተዘግቷል።

«ከባድ መኪና አያልፍም» አለ ኬላ ጠባቂው ጀንዳርም። «ትንንሾቹ በረዶ ጠራጊዋን ተከትለው ይለፉ።»

«እስከ መቼ?»

«ሰማይን ጠይቂው።»

ቱሪያ ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ጫንናቸው መኪኖች አየች። ሁሉም ትንንሾች ናቸው። ስልኳን አውጥታ ሚሙን ጋ ደወለች። «ሚሙን፣ ባለቤቶቹን በታክሲ ላክልኝ። ራሳቸው መጥተው ይንዱ።»

ድምፁ ስልኩን ሊሰብረው ደረሰ። «አምስት፣ ከሞሓ ጋር ስድስት! ሳልጮህ የሞላ ታክሲ በዕድሜዬ ይሄ ብቻ ነው!»

እኛ መኪኖቹን አንድ በአንድ ስናወርድ፣ ሻይም ስንጠጣ፣ ስንጠብቅም፣ ታክሲው ከወዲያ ማዶ በረዶ ለብሶ ደረሰ። ስድስቱ ወርደው የየራሳቸውን መኪና ሲያዩ የሆኑትን መሆን በወረቀት ላይ ላሰፍረው አልችልም። ዳቦ ጋጋሪው የእሱን በሁለት እጁ ጉንጯን ያዛት። ላላ ቱዳ መሪውን ይዛ፣ በቅሎ እንደምታዝዝ ሁሉ «ቢስሚላህ፣ ቀጥ በይ» አለች።

«አብሬ እሄዳለሁ» አለ ሐጅ በንዩነስ። «ተራራው ላይ ስትቆሙ መመስከር አለብኝ።» የራሱን መኪና አዝሩ አቁሞ በአዋላጇ መኪና ውስጥ ከሞሓ ጎን ገባ። እኔም ጫኟን አቁሜ ከኋላ ተቀመጥኩ። ቱሪያ ከፊታችን ባለው መኪና ከላላ ቱዳ ጋር ሆነች፤ ሁሉንም ማሞቂያ እንዳይከፍቱ አስጠንቅቃለች፣ ባትሪ ይበላልና። ብርድ ልብስ ተከናንበን ወጣን።

ዳገቱ ረጅም ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የባትሪ ቁጥር ይወርዳል፣ ዝግባው ከበረዶው በላይ ጥቁር ሆኖ ያልፋል፣ ሐጁ እግሩን ያሻሻል። «እኔ መስታወት ቤት ውስጥ፣» ይላል፣ «ማሞቂያ አለ። ምንጣፍ አለ።» ሞሓ መስኮቱን በጣት ስፋት ከፍቶ ጆሮውን ወደ ውጭ ሰጥቷል።

«ዝጋው እንጂ ልጄ፣ ልሞት ነው!»

«ሐጅ፣ ትንሽ ዝም ይበሉልኝ።»

ከአፋፉ ስንደርስ ቁጥሩ ከግማሽ በታች ሆኗል። ከፊታችን በላላ ቱዳ መኪና መስኮት ውስጥ ቱሪያ ወደ ኋላ ዞራ መኪኖቹን ስትቆጥር አየኋት፤ ስድስቱም አሉ። ሐጁ ቁጥሩን አይቶ «ምስኪን ናት፤ እዚህ ድረስ ማምጣቷም ተመስገን ነው» አለ፣ እውነትም አዝኖ።

ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ። ሞሓ እግሩን ከፔዳሉ አነሳ። መኪናዋ ራሷን ያዘች።

«ሐጅ» አለ ሞሓ።

«ምን?»

«ቁጥሩ ጨመረ።»

«ብርዱ ዓይንህን ይዞት ነው።»

«ወላሂ ጨመረ። አጎቴ አላል፣ አንተ እየው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጨምሯል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጨመረ።

«ማደያ አላለፍን፣» አለ ሐጅ በንዩነስ፣ «ሶኬት የለ። ማን ሞላት?»

«ቁልቁለቱ ነው» አልኩት። «ስትወርድ ራሷን ትሞላለች፤ ቱሪያ ነግራኛለች።»

ሐጁ ቁጥሩ ላይ አፈጠጠ። ዕድሜውን ሙሉ መኪና የሸጠ ሰው ነው። «የጠጣችውን የምትመልስ!» አለ በመጨረሻ። «ሱብሃነላህ! የጠጣችውን የምትመልስ!» እግሩን ማሻሸቱን ረሳው።

ሞሓ ግን በድንገት እጁን አነሳ። «ቆይ። ሰማሁ።»

«ምን?»

«የፊት ግራ ጎማ። ትንሽ ነፋስ ጎድሎታል።»

ቆምን፣ ወርደን አየን። ልክ ነው፤ ጎማው ላላ ብሏል። ሞሓ በረዶው ላይ ቆሞ የሳቀው ሳቅ ሸለቆውን ሞላው። «ሞተር ሲጮህ ኖሮ ይሄን ማን ይሰማ ነበር! ከዚህ በፊት ስንት ጎማ ሳልሰማ አልፌያለሁ? አለች እኮ! ስሟት፣ በሕይወት አለች!» ከታክሲው ያወረደውን የእግር ፓምፕ አምጥቶ ራሱ ሞላው።

ሚደልት መግቢያ ላይ ሕዝቡ ከበሮ ይዞ፣ እሳት አንድዶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጠብቀን ነበር። ግን የሚጠብቀው በጆሮው ነው። እሳቱን ከበው፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው፣ ከሩቅ የሞተር ድምፅ እስኪመጣ ያወራሉ። እኛ በጸጥታ ደርሰን ከኋላቸው ቆምን። ማንም አልዞረም። ላላ ቱዳ ትዕግሥቷ አለቀና ክላክሱን እስከ መጨረሻው ተጫነችው።

ሕዝቡ እንደ ወፍ ተነሳ! ከበሮ የያዘው ከበሮውን ጣለ፣ መልሶ አነሳው፣ ከዚያ በኋላ ማቆም የቻለ የለም። ሴቶቹ እልል አሉ። ለሙሽራ የሚቀርበውን ወተትና ተምር በትሪ ይዘው ወጡ፤ ለላላ ቱዳ አቀረቡ፣ ለቱሪያ አቀረቡ፣ ሐጁም ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ተምሩን ተቀበለ። ሚሙን በርሜል ላይ ወጥቶ፣ «ሚደልት! ሚደልት! ደረሰ! ሁሉም ወረደ!» ይላል። ድምፁ ጠፍቶበት በእጁ ይናገር ጀመር።

ቱሪያ ከዚያ ቤት ለቤት ዞረች። የዳቦ ቤቱ ሶኬት ከምድጃው ርቆ እንዲሆን አደረገች፣ ላላ ቱዳ ገመዱን ከማር ጋኖቿ በላይ እንድትሰቅለው አሳየቻት፣ ሁሉም እየሰካ እየነቀለ እስኪለምድ ቆመችላቸው። የመጨረሻዋ ኢጦ ነበረች። አዋላጇ ነገሩን የሰማችው ያን ጊዜ ነው። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። እጇን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች፣ የእርጉዝ ሆድ ላይ እንደምታሳርፈው፣ በቀስታ።

«ድምፅ የላትም?»

«የላትም» አለ ሞሓ፣ እሱ እንደሠራት ሁሉ ኮርቶ።

«እንግዲህ የተወለደውን አትቀሰቅስብኝም ማለት ነው» አለች ኢጦ። «ነገ ሸለቆ አለብኝ። ከጁምዓ በኋላ ና።»

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቱሪያ ለአለቆቹ ደወለች። ስድስቱም በባለቤቶቻቸው እጅ ናቸው አለች። ከወዲያ ያለውን ባልሰማም ፊቷ ላይ አነበብኩት፤ ማድረሱ የእሷ ሆኗል። ስልኩን ዘግታ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች፤ እኔም አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ለራሴ።

ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ስንደርስ ባሱ ሚሙን ፊት ቆሟል።

«ቦታ አለ?» ይላል።

«ሞልቶ ሄደ» አለው ሚሙን በተረፈችው ድምፁ። «ለሚቀጥለው ተሰለፍ። አንደኛ ነህ።»

«ሞሓ አጸደቀልኝ እኮ!»

«ሞሓ ቢያጸድቅም እኔ ነኝ ተራ የምይዘው።»

ባሱ ሳቀና ተሰለፈ። ባለመድኃኒት ቤቱ ተከተለው፣ ከዚያ የወንድማማቾቹ አማች፣ ከዚያ ሁለት መምህራን። ሻዩ ገና ሳይቀርብ አምስት ሞሉ። ሚሙን ወደ ገበያው ዞሮ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ቀረ!» አለ። ማንም አልመጣም። እንደገና ጮኸ።

ቱሪያ ሐጅ በንዩነስ ፊት ተቀመጠች። ሻይ ቀዳችለት።

«ሐጅ፣ በየከተማው አንድ ትጎድላለች። ሁሌ ላላ ቱዳ አትኖረኝም። እርስዎ ባዶ ወለል አለዎት፣ መስታወት አለዎት። አምስት በሞላ ቁጥር ስድስተኛዋን እርስዎ ይያዙልኝ። ባለቤቷ እስኪመጣ መስታወትዎ ውስጥ ትቀመጥ፣ ሰው ይያት፣ ይቅና።»

«እኔ አከፋፋይ ነኝ፣ ልጄ። ስርጭቱን ልወስድ ነበር የመጣሁት። አሁን የጎደለ ማሟያ ልሁን?»

«ጫኟን የሚያስነሳት እኮ የጎደለውን የሚያሟላው ነው።»

ሐጁ ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አነሳው። ከታች በአደባባዩ በኩል ሞሓና ኢጦ ወደ ሸለቆው ሲወጡ አየን፤ የሰማቸው የለም። ሚሙን እንደገና «አንድ ሰው ቀረ!» አለ።

ሐጅ በንዩነስ ሻዩን ጨርሶ አስቀመጠ። እጁን እንደ ተሳፋሪ ወደ ላይ አነሳ፣ በዚያ ከሩቅ በሚሰማ ድምፁም፣ «ሚሙን! አትጩህ፣ ጆሮዬን በላኸው» አለ። «ጫኟ ትነሳ። ባዶዋ ላይ እኔ እቀመጥባታለሁ።»